«ሠራ»ና «አሠራ»

ጥያቄው የመጣው ከእንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ እንደምታውቁት የቤቱን ጉድፍ ከባለቤቱ ቀድሞ ያያል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አንዲት ወጣት ከእስራኤል ትመጣለችና ጎንደርንና ደብረ ታቦርን አሳያት ብለው ወዳጆቼ አደራ አሉኝ። ሞያዋ አርክቴክቸር ነው። ወላጆቿ ከጎንደር ዙሪያ የሄዱ ቤተ እስራኤል ናቸው፤ እርሷ ግን የተወለደችው እዚያው እስራኤል ነው። አማርኛዋን የተማረችው ከሴት አያቷ ጋር ማጀት ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች ስለሆነ ምርቃቱንና ቁጣውን አሳምራ ታውቀዋለች። ሰዋስው ላይ ስትደርስ ግን ትደነቃቀፋለች። «ጋሼ፣ እንዳይስቁብኝ» ትላለች አስቀድማ። ከዚያ ትናገራለች። እኔም እስቃለሁ።

ፋሲል ግቢ ውስጥ ቆመናል። አስጎብኚያችን ሥራውን የሚወድ ወጣት ነው። ወደ ትልቁ ግንብ እጁን ዘርግቶ «ይህን አፄ ፋሲል ናቸው የሠሩት» አለ።

«በእጃቸው?» አለች።

ልጁ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከኋላችን የነበሩ ተማሪዎችም ሰምተው ሳቁ። እርሷ አልሳቀችም። ቀና ብላ ቅስቶቹን እያየች «ንጉሡማ አዘዙ። ታዲያ ማን ነው የሠራው? ይህን ማዕዘን የለካ ሰው አለ እኮ። ድንጋዩን የጠረበ፣ ኖራውን ያቃጠለ፣ ቅስቱን የገጠመ ሰው አለ» አለች።

አስጎብኚው ጥቂት አሰበና «ፖርቱጋሎች ናቸው የሚሉ አሉ» አላት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ውሸት ይሆናል፤ ወስዶኛል። ጠዋት ስነሣ ግን ጥያቄው እንደ ዕዳ ጠያቂ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ምክንያቱም ጥያቄው የእኔ የሞያ ጥያቄ ነበር። ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ። አማርኛ ግሥ ሲረባ አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ እንዳለው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። «ሠራ» አድራጊ፣ «ተሠራ» ተደራጊ፣ «አሠራ» አስደራጊ። ፈተና አውጥቻለሁ፤ ነጥብ ቆርጫለሁ። እነዚህ ሦስት ግሦች በታሪካችን ላይ ምን እንደሠሩ ግን አንድም ቀን ተማሪዎቼን ጠይቄ አላውቅም።

እስቲ አሁን እንጠይቅ።

«አፄ ፋሲል ሠሩ» ካልን እውነት አልተናገርንም። «አፄ ፋሲል አሠሩ» ካልን እውነት ተናግረናል፤ ግን ግማሹን ነው። ያቺ አንዲት «አ» ከፊት ስትቆም ሌላ እጅ መኖሩን ታምናለች፤ የማን እጅ እንደሆነ ግን አትናገርም። «ግንቡ በ17ኛው መቶ ዓመት ተሠራ» ካልን ደግሞ ንጉሡም ግንበኛውም አብረው ጠፉ፤ ግንቡ እንደ እንጉዳይ በሌሊት በቀለ ማለት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ግሥ ይዋሻል፣ ሁለተኛው ይደብቃል፣ ሦስተኛው ይረሳል። በትምህርት መጽሐፎቻችን፣ በቅርስ ሰሌዳዎቻችን፣ በበዓል ንግግሮቻችን የምንጠቀመው በእነዚህ በሦስቱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ እንኳ ስሙ ላይ ሁለቱንም ወገን ጠርቷል። ታሪካችን ግን የአሠሪ ታሪክ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

«ቋንቋው ምን ያድርግ? የሠሪው ስም ካልታወቀ ከየት ይምጣ?» የሚለኝ ይኖራል። እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። ነገር ግን አማርኛ ለሠሪው ስም አላጣም። ሞልቶታል። ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ። እነዚህ ሁሉ የአድራጊ ስሞች ናቸው፤ ሰውን በሚሠራው ሥራ የሚጠሩ። ልብ በሉ እንግዲህ። ሥራው ሲያምር አሠሪውን እንጠራለን፤ ሰውን ልንሰድብ ስንፈልግ ሠሪውን እንጠራለን። በገዛ ቋንቋዬ ካገኘኋቸው ነገሮች ሁሉ ያፈርሁበት ይህ ነው።

አንድ ልጨምር። «ጠይብ» የሚለውን ቃል አስቡት። ዘሩ «ጠቢብ» ነው፤ ጥበብ ያለው፣ እጁ የሚያውቅ ማለት። በአገራችን አፍ ግን ጠይብ ማለት የሚፈራ ሰው፣ ዓይኑ የሚበላ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚባል ሰው ሆነ። ጠቢቡ ቡዳ ሆነ። ሌላው ስም «ባለ እጅ» ነው። ኧረ ለመሆኑ እጅ የሌለው ማን ነው? እኛ ሁላችን ሁለት ሁለት እጅ ይዘን ዞረን እጁን የተጠቀመበትን ሰው ለይተን «ባለ እጅ» አልነው፤ ከዚያም ከእርሱ ጋር አንበላም አልን።

አሁን ወደ እንግዳዬ ጥያቄ ልመለስ። ማን ሠራው? ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጥናቶቹ የያዙት በዚያ ነውና።

የቤተ እስራኤልን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ነገሩን ከርስት ይጀምሩታል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት አፄ ይስሐቅ፣ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ፣ ፈላሲ ሆኖ እንዲኖር አዘዋል የሚል ትውፊት አለ። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው ቤተ እስራኤል ብሎ ነው፤ «ፈላሻ» የሚለውን ስም ሌላው ነው የሰጠው፣ ትርጉሙም ከዚሁ ከመፍለስ ጋር ይያያዛል። መሬት ያጣ ሰው የሚቀረው እጁ ነው። ስለዚህ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ፣ ሸማ ሸመነ፣ ግንብ ገነባ። ከዚያ በኋላ የስሜን ጦርነቶች መጡ። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አፄ ሠርፀ ድንግል በእነ ረዳኢ ላይ ዘመቱ። በ1620ዎቹ አፄ ሱስንዮስ የቀረውን ነፃነታቸውን አበቁበት። ዐሥር ዓመት ያህል እንኳ ሳይሞላ የሱስንዮስ ልጅ ፋሲል በ1636 ገደማ ጎንደርን መሠረተ። ከተማው ግንበኛና አናጢ ፈለገ። የተሸነፉት ሰዎች ልጆች የአሸናፊውን ልጅ ከተማ ሊሠሩ መጡ።

ጄምስ ኲሪን የተባለው የታሪክ ተመራማሪ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ዘመን በሰፊው ተከታትሎታል። እንደ እርሱ ጥናት የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች በጎንደር ነገሥታት ዘንድ ተፈላጊ ነበሩ። ከአለቆቻቸውም መሬት የተሰጣቸው፣ አዛዥና በጅሮንድ የሚል ማዕረግ ያገኙ ነበሩ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። «አርክቴክት» የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ነው። ፍቺው የግንበኞች አለቃ ማለት ነው። በጅሮንድ የተባለ የቤተ እስራኤል ግንበኛ እንግዲህ በቃሉ ጥንታዊ ትርጉም አርክቴክት ነበር። ከዚያም በላይ በሥሩ ያሉትን ሰዎች ወክሎ ቤተ መንግሥት የሚገባ፣ የንጉሡን ትእዛዝ ይዞ ወደ መንደሩ የሚመለስ የማኅበረሰቡ አለቃ ነበር። አርክቴክትም የአይሁድ ማኅበረሰብ መሪም የሆነ ሰው ዛሬ በኒው ዮርክ ወይም በቴል አቪቭ ቢኖር ሕይወቱን የሚጽፍለት አያጣም። በጎንደር ግን ነበረ፤ ሕይወቱን የጻፈለትም የለም።

የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝና እንዲህ ያለ ሕይወት ምን ሊመስል እንደሚችል ማሰብ አልተውም። እምነቱን እናውቃለን፤ ኦሪቱን እናውቃለን። ሰንበቱ ቅዳሜ ነው፤ በዚያን ቀን እሳት አይነድም። ኖራ ደግሞ ያለ እሳት አይሆንም። ታዲያ ምድጃው ዓርብ ማታ እንዴት ይሆን ነበር? የእምነቱ ሕግ ከሌላው ሰው ጋር ከተነካካ በኋላ በውሃ ሳይነጻ ከወገኑ እንዳይቀላቀል ያዛል። ጎረቤት «አትንኩኝ» እያለ ያማቸው የነበረው በዚህ ነው። እና ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ በንጉሥ ግቢ ከመኳንንቱ ጋር ውሎ ማታ ከወንዙ ሳይታጠብ መንደሩ አይገባም። እኛ እርሱን ርኩስ ስንለው እርሱ ደግሞ ከእኛ ሊነጻ ይታጠባል። እዚህ ውስጥ ስንት ልብ ወለድ አለ! አንድም ደራሲ ግን አልነካውም። የእኛ ልብ ወለድ ባለ እጁን የሚፈልገው ሰው እንዲበላ፣ ጅብ እንዲሆን ነው።

ፖርቱጋሎች ናቸው የሚለውንም አልንቀውም። በ16ኛው መቶ ዓመት የመጡት የፖርቱጋል ወታደሮች ዘሮች በአገሩ ቀርተው ነበር፤ የኢየሱሳውያን ሕንፃዎችም ነበሩ። ከሕንድና ከሌላም አገር የመጣ እጅ አለበት የሚሉ አሉ። ይሁን። ነገር ግን ፋሲል እኮ እነዚያን ኢየሱሳውያን ከአገር ያባረረ ንጉሥ ነው! ያባረራቸውን ሰዎች መልሰን ጠርተን ግንቡን ስንሰጣቸው፣ ከግንቡ አጠገብ ይኖር ለነበረው ሰው ግን አንዲት ድንጋይ ለመስጠት ስንሳሳ፣ ነገሩ የታሪክ ማስረጃ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ከባዕድ መማር አያሳፍረንም። ቡዳ ካልነው ጎረቤት መማር ግን ያሳፍረናል።

በአንጻሩ አንዳንድ ሰዎች በቅርብ ጊዜ የያዙትንም መንገድ አልወደውም። «ጎንደርን የሠሩት ቤተ እስራኤል ብቻ ናቸው» ይላሉ። ይህም ያው የድሮው በሽታ ነው፤ ባለቤቱ ተቀየረ እንጂ። ድንጋይ የተሸከመው ክርስቲያን ገበሬ፣ የሸመነው እስላም፣ ከውጭ የመጣው ባለሞያ፣ ሁሉም ነበሩበት። እኔ የምጠይቀው ድርሻ እንዲቀማ አይደለም። ድርሻ እንዲጻፍ ነው።

ዘመነ መሳፍንት ሲመጣ (ከ1769 እስከ 1855 ድረስ ያለው ነው) ነገሥታቱ ደከሙ፤ ግንብ የሚያሠራ ጠፋ። ኲሪን እንደሚለው የግንበኞቹም ክብር አብሮ ወደቀ። ማዕረጉ ቀረ፣ መሬቱ ሄደ፤ ማረሻና ጦር መቀጥቀጡ፣ ሸክላው ቀረ። «ቡዳ» የሚለው ስምም በዚህ ጊዜ ይበልጥ ጠነከረ። ይህን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። ቡዳ የሚለውን ስም የወለደው አለማወቅ ብቻ አይደለም። የሥራ ማጣትም ወልዶታል። ንጉሥ ሲፈልገው በጅሮንድ፣ ንጉሥ ሲተወው ቡዳ። ያው ሰው፣ ያው እጅ።

ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር ወረድን። ወይም ወጣን ልበል፤ ደብረ ታቦር የሚወጡበት እንጂ የሚወርዱበት አገር አይደለም። ያደግሁበት ከተማ ነው። ስሙ ከቅዱሱ ተራራ የመጣ ነው፤ ጌታ ብርሃኑን ከገለጠበት፣ ሙሴና ኤልያስ ከታዩበት። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቡሄ ሲሆን ጅራፉ ሲጮህ፣ ልጆች በየደጁ ሲጨፍሩ የምናስበው ያንን ነው። እንግዳዬ ግን ወንጌሉን ስነግራት የያዘችው ሌላ ነገር ነበር። ጴጥሮስ በዚያ ተራራ ላይ ለሦስቱ ሦስት ዳስ እንሥራ ማለቱን ስነግራት ዓይኗ በራ። «አየህ ጋሼ» አለች፤ በደስታ አንቱታውን ረስታው። «ብርሃን ሲያዩ የመጀመሪያው ሐሳብ ቤት መሥራት ነው!» ጌታ ራሱ የጸራቢ ልጅ ተብሎ መናቁንም ነገርኋት። የገዛ አገሩ ሰዎች ጥበቡን ሰምተው ሊቀበሉት ሲያቅታቸው የቤተሰቡን የእጅ ሥራ አነሡበት። ይህን በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያን እንሰማለን። ሰምተን ስንወጣ ባለ እጁን ከደጅ እናልፈዋለን።

ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ጋፋት አለ። አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ባለ እጆችን አስፍረው መድፍ ያስቀለጡበት ቦታ ነው። ያን ቀን በኩራት ተናገርሁ። ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ኪንስለን እያልሁ ስማቸውን ዘረዘርሁላት። ብዙዎቹ ሲመጡ ዓላማቸው ወንጌል መስበክ ነበር፤ በተለይም ለቤተ እስራኤል። ንጉሡ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ወደዱት። መድፍ ሥሩ ሲባሉ አናውቅም ብለው ነበር፤ የመጀመሪያው ሙከራም ከሸፈ። ኋላ ግን ሆነ። ወደ ሰባ ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ቀለጠ። ቴዎድሮስም በ1867 ደብረ ታቦርን አቃጥለው ያን ብረት በገደልና በሸለቆ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ።

ከእነዚያ ባለሞያዎች አንዱ ሞሪትዝ ሆል ነው። በ1838 በፖላንድ ክራኮቭ ከአይሁድ ወላጆች ተወለደ፤ ወደ ፕሮቴስታንት እምነት ገባ። ጋፋት ላይ መድፍ አቀለጠ። ኤድዋርድ ሳንደር የተባለው ጀርመናዊ ሠዓሊ ከኢትዮጵያዊት የወለዳትን ልጅ አገባ። ከመቅደላ በኋላ ጃፋ ገብቶ ኖረ፤ በ1914 ሞተ። በመቅደላው ዘመን በ1868 የተወለደችው ልጁ ማግዳሌና ኡስቲኖቭ የተባለ ሩሲያዊ መኰንን አገባች። የልጇ ልጅ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው፤ ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው የፊልም ተዋናይ። እንግዲህ የአንድ የጋፋት ቀጥቃጭ ሕይወት ከክራኮቭ እስከ ሆሊውድ፣ እስከ ልጅ ልጅ ልጅ ድረስ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው።

እንግዳዬ ሁሉንም በማስታወሻዋ ጻፈች። ከዚያ ብዕሯን እንደያዘች ቀና አለችና «የኛዎቹስ?» አለችኝ።

ማንን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። የእርሷን ቤተ እስራኤል ይሆን? ወይስ እኔንም ጨምራ ነው? ዝም አልሁ። እነዚያ ስድስት ሰባት አውሮፓውያን ብቻቸውን ሰባ ኩንታል ብረት አላቀለጡም። ከሰል ያከሰለ፣ ወናፍ የነፋ፣ ሸክላ ያቦካ፣ ቅርጽ ያወጣ የአገር ሰው ነበረ። ብዙ ነበረ። ስሙ ግን የለም። ጋፋትን ያህል ቦታ ላይ ቆሜ፣ ባደግሁበት አገር፣ የጀርመኖቹን ስም በቃሌ ስወጣ የአንድ የአገሬን ሰው ስም መጥራት አልቻልሁም። የጀርመኖቹስ ስም እንዴት ቀረ? ራሳቸው ጻፉት። ሌላ ምሥጢር የለውም። የቴዎድሮስ ስም የቀረው በጸሐፊና በአዝማሪ ነው። ባለ እጁ ጸሐፊም አዝማሪም አልነበረውም።

ይህን የቤተ እስራኤል መሪዎች ከእኛ ቀድመው የተረዱት ይመስለኛል። በዚያው በቴዎድሮስ ዘመን፣ በ1862፣ አባ ማሕሪ የተባሉ መነኩሴ ወገናቸውን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ነበር። አልተከፈለም። ብዙ ሰው በረኃብና በበሽታ በመንገድ ቀረ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት መሪዎች ሌላ መንገድ ፈለጉ። በ1888 በጄንዳ የተወለዱት ታምራት አማኑኤል ፓሪስና ፍሎረንስ ተምረው ተመለሱ፤ በ1923 አዲስ አበባ በተከፈተው የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤትም መሪ ሆኑ። ከእርሳቸው ቀጥሎ ዮና ቦጋለ አሉ። ጎንደር አጠገብ ወለቃ በ1908 ተወለዱ። ልጅ ሳሉ ወደ ኢየሩሳሌም ተወስደው ኋላም አውሮፓ ተማሩ። በትምህርት ሚኒስቴር ሠርተው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያን ትተው ለወገናቸው ትምህርት ተሰለፉ። የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ፤ የበዓላቱን ቀን መቁጠሪያ በአማርኛ አወጡ። በ1979 ወደ እስራኤል ሄደው በ1987 አረፉ።

ወለቃን ብዙዎቻችን የምናውቃት ከመንገድ ዳር በሚሸጡት የሸክላ ምስሎቿ ነው። ከሸክላ ሠሪዎች መንደር የወጣ ሰው መዝገበ ቃላት ሠራ። እኔ ይህን የሙያ መቀየር አልለውም። ያው ግንበኝነት ነው። ቃል በቃል ላይ እየደረደሩ፣ ቀን በቀን ላይ እየገጠሙ፣ ወገን ተበታትኖ እንዳይቀር ቤት መሥራት። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በዚህኛው ሕንፃ ላይ የሠሪው ስም ተጽፏል። ማንም «አሠራ» ብሎ ሊወስድበት አይችልም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በ1984 መጨረሻ በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ 14 ሺህ ያህል ሰው በአውሮፕላን ሄደ። ባለ እጁ ሄደ። ግንቡ ቀረ፤ እኛም ቀረን። አሁን ገንቦውም ምጣዱም ከፕላስቲክና ከብረት ሆኗል። የሚፈራ ስላጣን ይሁን ስለሠለጠንን አላውቅም፣ ቡዳ ነው የሚለው ሐሜት እንኳ እንደ ድሮው አይሰማም። የተረፈን ቅርስ ማስጎብኘት ነው። እሱንም «ፋሲል ሠሩት» እያልን።

ሌላውን ከነቀፍሁ አይቀር የራሴንም ቤት ልክፈት።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን የምትመጣ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስት በጀርባዋ ተሸክማ ትመጣለች። እናቴ የእርሷን ገንቦ ከሌላ አትለውጥም፤ ውሃ ያቀዘቅዛል፣ አያንጠባጥብም ትላለች። ሴትዮዋ ከግቢው በር ላይ ስትታይ ግን እኛን ልጆቹን ወደ ውስጥ ታስገባናለች። የምንበላው ነገር ካለ ይሸፈናል። አንድ ቀን ሙቀቱ በርትቶ ሴትዮዋ ውሃ ለመነች። እናቴ ደግ ናት፤ ከገንቦው ቀዳች። ሴትዮዋ ሁለት እጇን አጣምራ ዘረጋች፤ እናቴ ሳትነካት ከላይ አፈሰሰችላት። በእጇ ከሠራችው ገንቦ የተቀዳውን ውሃ በእጇ ጠጣች። እኔ በበሩ ቀዳዳ አያለሁ። ያኔ የታየኝ ቡዳ ውሃ ስትጠጣ ነው። ዛሬ ሳስበው ምናልባት እርሷም በእኛ ዋንጫ መጠጣት አልፈለገች ይሆናል፤ የእርሷም ሕግ ይከለክላታል። እናቴ ከእርሷ፣ እርሷ ከእናቴ ይጠበቁ ነበር። ግን እኩል አልነበሩም። አንዷ በሯን ዘግታ ትቀራለች፤ ሌላዋ ተሸክማ ትሄዳለች።

እንግዳዬን ከሸኘሁ በኋላ እናቴን ጠየቅኋት። አርጅታለች፤ የቅርቡን ትረሳለች፣ የሩቁን ግን አትስትም።

«እማዬ፣ ያቺ ሸክላ ታመጣልን የነበረችው ሴትዮ ስሟ ማን ነበር?»

ብዙ አሰበች። ገንቦውን አስታወሰች፤ ቀለሙን፣ አንገቱን፣ ስንት እንደገዛችው ሳይቀር። ስሙ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ኧረ ልጄ፣ ማን ብዬ ጠይቄያት» አለች።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብለን የምንተርት ሰዎች ነን። ይህቺ ሴት መቃብሯ የት እንዳለ አላውቅም፤ ከሄዱት ጋር ሄዳም ይሆናል። እኔም ሦስቱን ግሦች ለተማሪ ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ ከገንቦዋ ለዓመታት ውሃ የጠጣሁ ሰው፣ እርሷን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤት አድርጌ ማስገባት አልቻልሁም። «እናቴ ገንቦ ገዛች» ማለት እችላለሁ። «ገንቦው ተሠራ» ማለት እችላለሁ። የሚቀጥለውን ግን አልችልም።

ልነሣ ስል እናቴ ከኋላዬ ጠራችኝ።

«እርሷ ግን» አለች፣ «የሁላችሁንም ስም ታውቅ ነበር።»